የትንንሽ ልጆች ክፍል ሳምንታዊ እቅድ፦ በየሳምንቱ አርብ "ልዩ ቀን" የግድ ነው እንዴ?

ቲቸር_ሰማያዊ (ውይይቱን የከፈተች)
ሰላም እንዴት ናችሁ። የ4 ዓመት ልጆች ነው የማስተምረው፣ ከረዳቴ ጋር ሆነን 18 ልጆች አሉን። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ከወዲሁ ይቅርታ። አዲስ የመጣችው ሱፐርቫይዘራችን በየሳምንቱ አዲስ ርዕስ፣ በየቀኑ የተለየ አክቲቪቲ፣ አርብ አርብ ደግሞ "ልዩ ቀን" እንዲኖር ትፈልጋለች፣ የቀለም ቀን፣ የፒጃማ ቀን፣ የእንስሳት ቀን፣ የሙያ ቀን ምናምን። እቅዱ ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል፣ ወላጅም ይወደዋል፣ ፎቶውም ቆንጆ ነው የሚወጣው። ጉዱ ያለው ክፍል ውስጥ ነው። ሰኞ ስለ ዝናብ እንጀምራለን፣ ልጆቹ ገና መጠየቅ ሲጀምሩ አርብ ይደርስና ዝናቡን ጠቅልለን መጓጓዣ ወደሚለው ርዕስ እንገባለን። አርብ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲጯጯሁ ይውላሉ፣ የሚያለቅስ አለ፣ የሚማታ አለ፣ ከምሳ በኋላ የሚተኛ የለም። እኔና ረዳቴ ማታ ማታ ካርቶን ስንቆርጥ ነው የምናመሸው። እናንተ ሳምንቱን እንዴት ነው የምታደራጁት? ልዩ ቀንስ በየስንት ጊዜው ነው? ሱፐርቫይዘሯን ዝም ብሎ አይሆንም ማለት አልፈልግም፣ በምትኩ የማቀርበው ሀሳብ ነው የቸገረኝ።

ብሎክ_ጥግ
አይዞሽ ቲቸር፣ ይሄ ያልደረሰበት መምህር የለም። እኛ ጋ የተስማማነው ነገር ቢኖር ሰዓቱ አይነካም፣ የሚቀየረው ሰዓቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ጠዋት እየገቡ በነፃ ይጫወታሉ፣ ከዛ ክብ ሰርተን እንቀመጣለን ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው፣ ከዛ ካለፈ ግማሹ ምንጣፍ መንጨት ይጀምራል። ከዛ የጥግ ጨዋታ ነው (ልጆቹ በክፍሉ ጥግ ጥግ በተዘጋጀው እቃ እየመረጡ የሚጫወቱበት)፣ እሱን ከአንድ ሰዓት በታች አናደርገውም ምክንያቱም ብሎክ የያዘ ልጅ መጀመሪያ ላይ ጊዜውን የሚፈጀው ቦታ በመያዝና ጎረቤቱን በማባረር ነው፣ ሕንፃው የሚጀመረው ከዛ በኋላ ነው፣ ልክ መስራት ሲጀምር "በሉ አንሱ" ካልነው ምን ዋጋ አለው። ከዛ ውጪ፣ ታሪክ፣ ምሳ፣ እረፍት።

ቀኖቹን የምንለያቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ማክሰኞ ቀለም፣ ረቡዕ ውሃና ሙከራ፣ ሐሙስ ዘፈንና እንቅስቃሴ። ሰኞ ምንም አዲስ ነገር አናስገባም፣ ከሁለት ቀን በኋላ የሚመጣ ልጅ መጀመሪያ ክፍሉን ራሱን እንደገና መልመድ አለበት። አርብ የሳምንቱ እቃ ሁሉ ይወጣል፣ ልጁ የወደደውን መርጦ ይደግማል፣ እኛም ማን ምን እንደመረጠ የምንጽፈው ያኔ ነው።

በየሳምንቱ አዲስ ርዕስ የሚለው ግን አይዋጥልኝም። እኛ ሁለት ሶስት ሳምንት እንቆይበታለን፣ ልጆቹ ከያዙት አራትም ይሄዳል።

ቀይ_ክራዮን
እኔ ደሞ ትንሽ ልቃወም። ልዩ ቀን ስንል ወዲያው ፊት የምናጠቁረው ነገር አይገባኝም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ የኮፍያ ቀን ላይ ትልቅ ባርኔጣ አድርጋ መጥታ "እኔ ሹፌር ነኝ፣ ግቡ" ስትል በአይኔ አይቻለሁ፣ ከዛ ቀን በኋላ ባርኔጣውን ክፍል ውስጥ ተውነው በሱ አማካኝነት ማውራት ጀመረች። ወላጅም ቢሆን በሌላ ቀን ጥሩት አይመጣም፣ ዝግጅት አለ ካልሽው ይመጣል። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሯ ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች አልልም። ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ ልዩ ማድረጉ ነው የሚያበላሸው። ጠዋት ሙዚቃ፣ ቀጥሎ ፊት መቀባት፣ ቀጥሎ ውድድር፣ ቀጥሎ ኬክ፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ኧረ ትልቅ ሰውም አይችለው! ከቀኑ አንዷን ሰዓት ብቻ ቀይሪ፣ ሌላው እንደተለመደው ይሂድ። ምሳቸውንና እንቅልፋቸውን ያልነካሽባቸው እንደሆነ አርብም ማክሰኞም ለነሱ አንድ ነው።

የመንታዎች_አባት
መምህር አይደለሁም፣ ወላጅ ነኝ፣ ሁለቱም ልጆቼ አንድ ክፍል ናቸው፣ ከወላጅ በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስገባ ደብተራቸው ውስጥ ወረቀት አገኛለሁ፣ "ነገ ብርቱካናማ ልብስ ይልበሱ"። ብርቱካናማ! የሁለቱም! በሌሊት ከየት ነው የማመጣው? አንዴ ለአንዱ ብቻ ተገኘና ሌላኛው እስከ ክፍሉ በር ድረስ ሲያለቅስ ሄደ። በሩ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሙሉ ኮስቱም የለበሰ ልጅ አለ፣ በሌላ በኩል ዩኒፎርም ለብሶ ጥግ ይዞ የቆመ ልጅ አለ፣ ወላጁ ወረቀቱን ሳያየው ቀርቶ ይሆናል ወይ አቅም አንሶት ይሆናል፣ ልጁ ግን ምክንያቱን አያውቅም። እባካችሁ መምህራን ቢያንስ የወሩን ዝርዝር ወሩ ሲጀምር ላኩልን።

ቲቸር_ሰማያዊ
አባት፣ ይሄ በጣም ገባኝ፣ እኛም ጋ በየአርቡ እንደዛ የሚቆም ልጅ አለ። የወሩን ዝርዝር መላክ የምንችል ይመስለኛል። ግን ዝርዝሩ ቢላክም የማያመጣ ይኖራል።

ቀይ_ክራዮን
ከቤት ምንም እንዳያመጡ አድርጊው ገላገልሽ። አንድ ትልቅ ካርቶን ሻሽ፣ ኮፍያ፣ አሮጌ ቦርሳ፣ መነጽር (መስታወቱ የወጣ)፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስቢና ክፍል ይቀመጥ። የብርቱካናማ ቀን ከሆነ ሁሉም ክፍል ከገባ በኋላ ከካርቶኑ ብርቱካናማ ጨርቅ ያስራል፣ ወይ ራሱ ወረቀት ቀብቶ እጁ ላይ ያስራል። ከቤት ለብሶ የመጣም ይሁን፣ ያልመጣም አይታወቅበትም።

የጠዋት_ዙር
ስለ ሳምንት ካነሳችሁ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ጠዋት ክብ ሰርተን ስንቀመጥ ካላንደር እናደርጋለን፣ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ትላንት ምን ነበር፣ ነገ ምንድነው፣ ቀኑ ስንት ነው፣ አየሩ እንዴት ነው፣ ስንት ልጅ መጣ። 25 ደቂቃ ይፈጃል። አንዳንዶቹ ሰባቱንም ቀን በዘፈን ይሉታል ግን ከዘፈኑ ወጥቼ "ትላንት ምን ቀን ነበር" ስላቸው አንዱ "አርብ!" ይላል ሌላው "ልደቴ!" ይላል ሀሀሀ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ብሎክ_ጥግ
እኔ ተውኩት። ዘፈኑ ይኑር ምንም አይደለም፣ ግን የ4 ዓመት ልጅ "ማክሰኞ 14" የሚባለውን ነገር ገና አይጨብጠውም፣ ነገና ትላንትን ራሱ እያደባለቀ ነው። ይልቅ የቀኑን ቅደም ተከተል በስዕል ለጥፊ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የመግቢያ ስዕል፣ የጥግ ጨዋታ፣ የውጪ፣ የታሪክ፣ የምሳ፣ የእንቅልፍ፣ የመሄጃ። አንዱ ሲያልቅ የተረኛ ልጅ ስዕሉን ይገለብጠዋል ወይ መቆንጠጫውን ወደሚቀጥለው ያሸጋግራል። "እማዬ መቼ ነው የምትመጣው" ለሚል ልጅ ደግሞ ከሰዓት ይልቅ ስዕሉን ነው የምታሳዪው፣ "ከእንቅልፍ በኋላ፣ ይሄውና እዚህ ጋ" ትይዋለሽ፣ ራሱ ሄዶ ይቆጥረዋል።

ልዩ ቀን ሲኖር የወረቀት ሰንሰለት እንሰራለን፣ አምስት ቀን ከቀረ አምስት ቀለበት፣ በየጠዋቱ አንድ ይቀደዳል። ጊዜ ሲያልቅ በእጃቸው ነው የሚያዩት። የመጨረሻዋን ማን ይቅደዳት የሚለው ጠብ ግን አይቀርም፣ እሱን በስም ዝርዝር ነው የምንፈታው።

የጠዋት_ዙር
ሰንሰለቷን ወደድኳት። አየሩን ግን አልተውም፣ መስኮት ሄደው አይተው የሚመጡት ነገር ደስ ይላቸዋል።

ባቄላ_በብርጭቆ
ረቡዕ ውሃና ሙከራ ያልሽውን አይቼ ነው የገባሁት ብሎክ ጥግ፣ የኔ ነገር ነው። ቲቸር ሰማያዊ በየቀኑ አዲስ አክቲቪቲ ከሚያስጨንቅሽ ለቀናት በራሱ የሚሄድ ነገር አምጪና ክፍሉ ውስጥ አስቀምጪው፣ አንቺ ምንም ሳትጨምሪ በየጠዋቱ አዲስ ነገር ይሆናል።

አንዱ ባቄላ ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሪው፣ ብርጭቆውን (ፕላስቲክ ይሁን፣ ግልጥልጥ ያለ) በረጠበ ሶፍት ሙዪውና ባቄላውን በሶፍቱና በብርጭቆው ግድግዳ መሃል አስገቢው፣ ከውጪ እንዲታይ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሥር ያወጣል። ሥሩ ትንሽ ሲረዝም ከልጆቹ ጋር ብርጭቆውን በጎኑ አጋድሙት። "አሁን ሥሩ ወዴት ይሄዳል?" በይና የሁሉንም መልስ ጻፊላቸው፣ "ወደ ግድግዳው"፣ "ይሞታል"፣ "ወደ መስኮቱ"። አንድ ሁለት ቀን ጠብቂ፣ የሥሩ ጫፍ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ሲሄድ ታገኙታላችሁ፣ መሬት ስትስበው የሚሰማ ነው የሚመስለው። ምንም ያህል ብታገለብጪው ይመለሳል። እኔ ጋ አንድ ልጅ ብርጭቆውን በቀን ሶስቴ እያገላበጠ ባቄላውን ግራ ሊያጋባው ሞከረ፣ አልተሳካለትም፣ ሥሩ ግን እንደ ቡሽ መክፈቻ ተጠማዞ ቀረ።

ሌላው እንቁላል በአቼቶ ነው። ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ ብርጭቆ ውስጥ አቼቶ አፍስሰሽበት ስታስቀምጪው ወዲያው ትንንሽ አረፋ ይወጣበታል፣ ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ነው የሚሟሟው። በ24 ሰዓት አቼቶውን ቀይሪለት፣ ሁለት ቀን አካባቢ ሲሆነው ቅርፊት የሌለው፣ ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ እንቁላል ታገኛለሽ፣ ከበፊቱም ያበጠ ይሆናል ምክንያቱም ውሃ በስስ ሽፋኑ በኩል ስለሚገባ። መብራት ላይ ስትይዢው አስኳሉ ሲንሳፈፍ ይታያል። ትሪ ላይ አድርገሽ ልጆቹ በአንድ ጣት ይንኩት፣ ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ጥሬ እንቁላል ነውና። አንዱ መፍረጡ አይቀርም፣ ስለዚህ ሁለት ሶስት አዘጋጂ።

ሁለቱም ነገር ማታ ካርቶን አያስቆርጥሽም።

ቲቸር_ሰማያዊ
ብርጭቆ የሚያገላብጠው ልጅ እኛም ጋ አለ፣ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው ሀሀሀ። በዚህ ሳምንት እጀምራለሁ።

ጡረተኛዋ_መምህርት
ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። እኔ ረጅም ዘመን በሕፃናት ክፍል አሳልፌ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ክራዮን ዝግጅቱ ጥሩ ነው ትላለች፣ ብሎክ ጥግ ልማዱ አይነካ ትላለች፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ግን ማንም ያላነሳውን ልጠይቃችሁ፣ ለምንድን ነው ልዩ ቀኑ አርብ የሚሆነው? ማን አርብ ይሁን አለ?

ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሐኪም ታወሩና አርብ ነርሷ ትመጣለች። ልጆቹ ማዳመጫውን በደረታቸው ላይ ሰምተው፣ ፋሻ አይተው፣ ዓይናቸው በርቶ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ሰኞ ሲመጡ ክፍሉ ውስጥ ባቡር ተለጥፏል። ያዩትን የሚጫወቱት መቼ ነው? ሕፃን ልጅ ያየውን ነገር የሚያላምጠው በጨዋታ ነው፣ እናንተ ደግሞ ማላመጥ ሳይጀምር ሳህኑን አነሳችሁበት። ነርሷ በመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞ ትምጣ። ረቡዕ የማስመሰያ ጥግ ክሊኒክ ይሁን፣ ፋሻ፣ የተሰነጠቀ አሻንጉሊት፣ ወረቀትና እርሳስ ለመድኃኒት ማዘዣ። ያን ጊዜ ታያላችሁ፣ ተራ የሚጠብቅ በሽተኛ ይኖራል፣ የሚቆጣ ሐኪም ይኖራል፣ ካርድ የሚያወጣ ይኖራል፣ ማንበብ የማይችል ልጅ የሐኪም ጽሑፍ ይጽፋል፣ እውነቱን ለመናገር ከሐኪሙ ጽሑፍ ብዙም አይለይም። አንዲት እንግዳ ሦስት ሳምንት ታሠራችኋለች።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጣሊያን አገር ሬጂዮ ኤሚሊያ በምትባለው ከተማ በሎሪስ ማላጉዚ መሪነት የተስፋፉት የሕፃናት ትምህርት ቤቶች የሚታወቁት በዚህ ነው፣ ልጆቹ አንድን ነገር ከያዙ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይከተሉታል፣ በስዕል፣ በሸክላ፣ በሽቦ ይደጋግሙታል። ከዚያም በፊት ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት ተቋሙን ሲከፍት ልጆቹ የሚንከባከቡት የራሳቸው መደብ አትክልት ነበራቸው፣ እርሻ ደግሞ በሳምንት አያልቅም።

ብሎክ_ጥግ
እትዬ መምህርት፣ "ማን አርብ ይሁን አለ" ያሉትን ለስታፍ ስብሰባ ወስጄዋለሁ ከፈቀዱልኝ። እኛ እንግዳ አርብ የምናደርገው ለኛ ስለሚመች ብቻ ነው።

ቀይ_ክራዮን
እኔም ተቀበልኩ። ግን እትዬ እርስዎ እንግዳ ለስንት ደቂቃ ነበር የሚያስቀምጡት? እኛ ጋ የመጣ አንድ የእሳት አደጋ ሰራተኛ 50 ደቂቃ ንግግር አደረገ፣ መጨረሻ ላይ የሚያዳምጠው ረዳቷ ብቻ ነበረች።

ጡረተኛዋ_መምህርት
ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፣ የዚያም ግማሹ መንካት ነው። እንግዳውን ቀድማችሁ አግኙት። "ንግግር አታዘጋጅ፣ የምትሠራበትን እቃ ይዘህ ና፣ ልጆቹ እያዩህ አንድ ነገር ሥራ" በሉት። የእሳት አደጋ ሰው ከሆነ ደግሞ ልብሱን ልጆቹ ፊት ደረጃ በደረጃ ይልበስ፣ ጭንብሉን መጨረሻ ላይ። ጭንብል አድርጎ ከበሩ ከገባ የሚደነግጥ ልጅ ብዙ ነው፣ በእውነተኛው ጭስ ውስጥ ደግሞ እንዲያ ለብሶ የሚመጣውን ሰው እንዳይሸሹት ነው የምንፈልገው።

ጸጥ_ያለ_ጥግ
እኔ የማነሳው ስለሚደነግጡት ልጆች ነው። የኔ ልጅ ድምፅ አይችልም፣ ሙዚቃ ሲከፈት ጆሮውን ይይዝና ጠረጴዛ ስር ይገባል። ልዩ ቀን በመጣ ቁጥር "ና እንጂ ጨፍር" እያሉ ይጎትቱት ነበር፣ ክፉ አስበው አይደለም፣ ብቻውን እንዳይቀር ብለው ነው። የአሁኗ መምህሩ የምታደርገው ቀላል ነገር ነው ግን ሁሉን ለወጠው። ከዝግጅቱ በፊት በነበረው ቀን በስዕል ታሳየዋለች፣ መጀመሪያ ሰው ይመጣል፣ ከዛ ሙዚቃ፣ ከዛ ያልቃል። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ መጋረጃ ያላት ጥግ አለች፣ ትራስና መጽሐፍ አለባት፣ ማንም ልጅ መግባት ይችላል፣ የቅጣት ቦታ አይደለችም። እሱ እዛ ሆኖ በመጋረጃው ያያል። በቅርብ ጊዜ ራሱ ወጥቶ ከበሮውን አንዴ መቶ ተመልሶ ገባ። ሌላም ልጅ ስትረበሽ እዛ ትገባለች፣ የሱ ብቻ አይደለችም ለማለት ነው።

የጠዋት_ዙር
ስለዚህ ነገር ድሮ ኮሌጅ የተማርኩት ትዝ አለኝ፣ ሚልድረድ ፓርተን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣችው፣ ልጆች አብረው መጫወት የሚጀምሩት በደረጃ ነው፣ መጀመሪያ ያያሉ፣ ብቻቸውን ይጫወታሉ፣ ጎን ለጎን ሆነው ግን ለየብቻ ይጫወታሉ፣ ከዛ ነው መቀላቀሉ የሚመጣው። ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ እኮ አልተሳተፈም ማለት አይደለም። ለቡድን ውድድር የምንቸኩለው ነገር አይገባኝም፣ በተለይ ለ3 ዓመት።

የመንታዎች_አባት
ጥያቄ አለኝ፣ ሌላ ነገር ነው። "የአባቶች ቀን" የሚባለው ላይ የልጆቼ ጓደኛ አባቱ በሕይወት የለም። የዛን ዕለት ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ። እኔ አባት ሆኜ መምጣቱ ደስ ይለኛል ግን ያ ነገር አልወጣልኝም። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ቀይ_ክራዮን
እኛ "የምወደው ሰው ቀን" አልነው። ልጁ የፈለገውን ይጋብዛል፣ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ ጎረቤት። ማንም መምጣት ካልቻለ ከትምህርት ቤቱ ሰው ይመርጣል፣ አንዱ የጥበቃ ሠራተኛችንን መርጦ ሰውየው ሸሚዙን ተኩሶ ነው የመጣው። ካርድም ሲሰሩ "ለአባዬ" ብለን አንጽፍም፣ ለማን እንደሆነ እንጠይቅና የነገሩንን እንጽፋለን።

ባቄላ_በብርጭቆ
ሳልረሳው ስለ ጥንቃቄ ልጨምር፣ ልዩ ቀን ላይ ነው አደጋ የሚበዛው ምክንያቱም የማይታወቅ እቃ ይገባል። ፊኛ ለነዚህ ልጆች አልመክርም፣ የፈነዳ ቁራጩ ጉሮሮ ላይ ሲለጠፍ አየር ይዘጋል፣ ፓኬቱ ላይ ራሱ ከ8 ዓመት በታች ተብሎ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍበት ለዛ ነው። የሚያበራና የሚዘፍን አሻንጉሊት ከሆነ ክብ የሰዓት ባትሪ እንዳለበት እዪ፣ መዝጊያው በብሎን ካልታሰረ አይግባ፣ ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ራሱ ጉሮሮ ሊያቃጥል ይችላል። የእንስሳት ቀን ላይ ደግሞ ጫጩትና ኤሊ በጣም ይወደዳሉ ግን ሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ) ይይዛሉ፣ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ከማስያዝ በርቀት ማሳየቱ ይሻላል፣ ከዛም በሳሙና 20 ሰከንድ መታጠብ። የምትጫወቱበት ሊጥም ከሆነ፣ እሳት ላይ የበሰለውን ስሪ፣ ጥሬ ዱቄት አፋቸው ውስጥ መግባቱ ጥሩ አይደለም።

ብሎክ_ጥግ
ሊጡ፦ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 2 ኩባያ ውሃ፣ 2 ሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ካገኘሽ 2 ሻይ ማንኪያ ክሬም ኦፍ ታርታር (ለኬክ የሚገባ ነጭ ብናኝ ነው፣ ሊጡ ቶሎ እንዳይበላሽና እንዲለሰልስ)። ድስት ውስጥ ቀላቅለሽ በትንሽ እሳት እስኪሰበሰብና ከድስቱ እስኪላቀቅ አማስይው። ሲበርድ እሺው። ክዳን ባለው እቃ አስቀምጪው፣ አንድ ሳምንት በደንብ ይቆያል። ክፍሉ ውስጥ እንስሳ ወይ ውሻ ካለ ሊጡን አርቂው፣ ጨዋማ ስለሆነ ይጎዳቸዋል።

የጠዋት_ዙር
ሌላ ደግሞ፣ ልዩ ቀን ስናደርግ መጀመሪያ የምንሰዋው የውጪውን ጨዋታ ነው አይደል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ በቀን 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል፣ ከዛ ውስጥ 60ው ላብ የሚያስወጣ ሩጫና ዝላይ። አርብ ከሰዓት ለምን እንደሚማቱ ስትጠይቂ እኮ መልሱ እዛ ነው፣ ተቀምጠው ትርዒት ሲያዩ ውለዋል። እንቅልፍም ቢሆን ከነቀኑ ተደምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው የሚለው።

ቀይ_ክራዮን
የዓመቱ መጨረሻ ምረቃ ላይስ ምን ትላላችሁ፣ ጋውኑ፣ ልምምዱ... እኛ ጋ ለሱ ሲባል ወር ሙሉ ይቆማሉ ይቀመጣሉ።

ጡረተኛዋ_መምህርት
እኔ ልምምድ አላውቅም ነበር። ዓመቱን ሙሉ የዘፈኑትን ሁለት ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ከዚያ ልጆቹ ወላጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው ጥግ ጥጉን ያስጎበኛሉ፣ "እዚህ እኔ እንዲህ ነው የምሠራው" እያሉ። ወላጅ የሚያለቅሰው እዚያ ላይ ነው፣ ጋውን አያስፈልገውም።

ቲቸር_ሰማያዊ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እትዬ እርስዎን በተለይ። ለሱፐርቫይዘሯ የማቀርበውን ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ። አንድ ርዕስ ሦስት ሳምንት። የመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞ እንግዳ ወይም ጉብኝት፣ በጠዋቱ የክብ ሰዓት ቦታ፣ 20 ደቂቃ። ከዛ የማስመሰያ ጥጉ በዛ ይቀየራል፣ ረቡዕ ረቡዕ ሙከራው ከተቻለ ከርዕሱ ጋር ይያያዛል። በሦስተኛው ሳምንት አርብ ወላጆች መውሰጃ ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይመጡና ልጆቹ የሰሩትን ያሳያሉ። ስለዚህ እሷ የምትፈልገው አርብ አለ፣ ፎቶውም አለ፣ ግን በየሳምንቱ አይደለም። አለባበስ ካለ ከካርቶኑ ነው። የመጀመሪያው ርዕስ ግንባታ ነው፣ የአንዷ ልጅ አያት አናጺ ናቸው ለመምጣት ፈቃደኛ ሆነዋል፣ መዶሻና መጋዝ ይዘው ነው የሚመጡት። መጋዙ ትንሽ አስፈርቶኛል፣ ልከልክላቸው?

ባቄላ_በብርጭቆ
አትከልክዪያቸው፣ ግን መጋዙን እሳቸው ብቻ ይያዙት፣ ጣውላው ጠረጴዛ ላይ በማሰሪያ ታስሮ፣ ልጆቹ ከተሰመረ ቾክ ወዲያ ተቀምጠው ያያሉ። መዶሻውን ግን ልጆቹ ይሞክሩት፣ እጀታው አጭር የሆነ ቀላል መዶሻ፣ ለስላሳ እንጨት፣ ራሱ ሰፊ የሆነ ሚስማር ቀድመው ትንሽ መትተው ያቁሙላቸው። አንድ ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር፣ መከላከያ መነጽር አድርጎ።

ጡረተኛዋ_መምህርት
ተራቸውን የሚጠብቁት ደግሞ ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ እንጨትና የብርጭቆ ወረቀት ስጫቸው፣ ይፈግፍጉ። ብናኙን የሚሰበስቡበት ትሪም አዘጋጂ፣ ረቡዕ በኮላ ስዕል ላይ ይለጥፉታል። አያትየውንም አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ጥያቄ ስለ እንጨቱ አይመጣም፣ ስለ ጥርሳቸው ነው የሚጠይቋቸው።

ቲቸር_ሰማያዊ
ሀሀሀ እነግራቸዋለሁ። ሰኞ ነው የማቀርበው፣ መልሷን እዚሁ እጽፋለሁ።

የመንታዎች_አባት
የወሩ ዝርዝር አይረሳ ቲቸር!